ከአዶላ ሳይሞሉ አይታለፍም

ከንጋቱ 12 ሰዓት ሳይሞላ በክብረ መንግሥት ዋና ጎዳና ሞተር ይነሳል። ጭነታቸውን በሸራ ጠፍረው ያደሩ አይሱዙዎች ጭስ እየተፉ ይሞቃሉ፤ ረዳቶቹ ጎማውን በእግራቸው እየመቱ ይዞራሉ፤ አንዲት ሴት ከሰሉ ገና ባልቀላ ምድጃ ላይ ጀበና ጥዳ ለሹፌሮች ዱካ ትደረድራለች። ዳቦ ቤቱ ፊት የተሰለፈው ሰው የቤቱን ቁርስ የሚገዛ አይምሰላችሁ። ሃያና ሠላሳ ዳቦ በፌስታል ቋጥሮ ወደ መኪናው ነው የሚመለሰው። ከዳቦው ቀጥሎ ውኃ በካርቶን ይጫናል፤ ከዚያ ብስኩት፣ ቴምር፣ ባትሪ ድንጋይ፣ የላስቲክ ገመድ፣ ለሹፌሩ ደግሞ በሙዝ ቅጠል የተጠቀለለ ጫት። ፀሐይ ወጥታ ልጆች ወደ ትምህርት ቤት ሲሄዱ ግማሹ መኪና ወደ ነገሌ አቅጣጫ ሄዷል።

አዶላም ክብረ መንግሥትም የምትባለው ይህች ከተማ በጉጂ ምድር፣ ከሐዋሳ በሀገረ ሰላም በኩል ወደ ነገሌ ቦረና በሚወስደው መንገድ ላይ ናት። አዶላ ሲባል አብዛኛው ኢትዮጵያዊ ወርቅ ነው የሚያስበው፤ በተለይ በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ትምህርት ቤት የገባ ሰው የጂኦግራፊ ትምህርቱን ረስቶ እንኳ “አዶላ፣ ወርቅ” ማለቱን አይረሳም። እኛ ከሆሳዕና ተነሥተን በነገሌ በኩል ባሌን ልንዞር ስናስብ ግን መንገዱን የሚያውቁት ሹፌሮች ስለ ወርቅ አንዳችም አልነገሩንም። “ከአዶላ ሳትሞሉ እንዳታልፉ” ነበር ምክራቸው። ናፍጣውን፣ ውኃውን፣ የጎማውን ነፋስ፣ ሆዱንም ጭምር ማለታቸው ነው።

ይህ ጽሑፍ ስለዚያ መሙላት ነው። ወርቅ ያቆማት ከተማ ወርቁ ከእጇ ሲወጣ በምን ትኖራለች ለሚለው ጥያቄ፣ ክብረ መንግሥት ያገኘችው መልስ በጎዳናዋ ላይ ተዘርግቶ ይታያል።

ከሆሳዕና ዙሪያ፣ ከሌሞ የሚነሣ ሰው ስንቅ አያጣም። የሆሳዕና ገበያ ቡላና ቅቤ ያለበት ነው፤ ቡላ ደግሞ ደረቅ ሆኖ ስለሚቀመጥ፣ ውኃና እሳት ካገኘ ደግሞ ፈጥኖ ስለሚደርስ ለረጅም መንገድ የሚመች ነገር ነው። ቡላውን በቅቤ አድርጎ አተካና የሚሠራ ሰው በጉዞው መካከል ካለ ደግሞ ማንም አይራብም። በአንጋጫና በዱራሜ ወርደን ሃላባ ቁሊቶ ስንደርስ በርበሬ ተጨመረ፤ በሃላባ አልፎ በርበሬ አለመግዛት እንደ ነውር የሚቆጥር አንድ ሰው አብሮን ነበር። ከዚያ ሻሸመኔ፣ ሐዋሳ፣ ይርጋለም። እስከዚህ ድረስ ስንቅ የሚባል ነገር ትርጉም የለውም፤ በየአሥር ደቂቃው ከተማ፣ በየከተማው ማደያና ምግብ ቤት አለ።

ነገሩ የሚለወጠው መንገዱ ወደ ሲዳማ ደጋ ሲታጠፍ ነው። ሀገረ ሰላም ከባሕር ጠለል በላይ ከ2700 ሜትር ይበልጣል። ጓሮው ሁሉ እንሰት ነው፤ ለእኛ ለሌሞ ሰዎች ከቤታችን ያልወጣን እስኪመስለን ድረስ። ብርዱ ግን ይጠነክራል፤ ጉሙም በቀትር ሳይቀር መንገዱ ላይ ይተኛል። ቦሬን ካለፉ በኋላ ቀርከሃውና ጥቅጥቅ ያለው ደን እያደር እየሳሳ፣ አየሩ እየሞቀ ይመጣል፤ ክብረ መንግሥት ሲደርሱ ከፍታው ወደ 1750 ሜትር ገደማ ወርዷል። ጋቢ የለበሰ ሰው ጋቢውን አጥፎ የሚያስቀምጠው እዚህ ነው። ከዚህ ቀጥሎ ዋደራ፣ ከዚያም ከክብረ መንግሥት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ነገሌ፤ ከነገሌ ወደ ፊልቱና ዶሎ አዶ ለሚቀጥል ሰው ደግሞ ከ300 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ቆላ አለ። ደጋውና ቆላው የሚገናኙበት ቦታ ላይ መቀመጧ ነው ከተማዋን የስንቅ ቤት ያደረጋት። ከላይ የሚወርደው እህል፣ ጎመንና እንሰት፣ ከታች የሚወጣው ከብት፣ ቅቤና ወተት እዚህ ይገናኛሉ። ወርቅ ባይገኝም ኖሮ እዚህ ቦታ ገበያ መቆሙ አይቀርም ነበር ብዬ አምናለሁ።

ወርቁ ግን ተገኘ። የአዶላ አካባቢ ዓለት እጅግ ጥንታዊ ከሚባሉት የሀገራችን ዓለቶች ነው፤ በውስጡ በሚያልፉት የነጭ ድንጋይ ጅማቶች ወርቅ ተሰራጭቶ ይገኛል። ዝናብና ወንዝ ለሚሊዮኖች ዓመታት ዓለቱን ሲበሉት ወርቁ ከአሸዋው ጋር ይወርዳል። የአሸዋ ድንጋይ ከውኃ ሁለት እጥፍ ተኩል ገደማ ቢከብድ ነው፤ ወርቅ ግን ከ19 እጥፍ በላይ ይከብዳል። ስለዚህ ወንዙ በሚታጠፍበትና ጉልበቱ በሚደክምበት ቦታ አሸዋው ተሻግሮ ሲሄድ ወርቁ ከጠጠሩ ሥር ይቀራል። እንደ አዋታና ሞርሞራ ያሉት የአካባቢው ወንዞች ዳር ላይ አካፋና ገበቴ ይዞ የሚውል ሰው የሚፈልገው ያንን የተቀመጠ ክምችት ነው። ከ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የታወቀው የአዶላ ወርቅ በአብዛኛው እንዲህ ያለው ነበር። ከጣልያን መባረር በኋላ መንግሥት ሥራውን ይዞት፣ ሠራተኛ ከየአውራጃው እየመጣ፣ ከአካፋና ከውኃ ቦይ ጀምሮ ቀስ በቀስ ማሽን እየገባ ዘለቀ። ከተማዋም የጀምጀም አውራጃ ዋና ከተማ ሆና ፍርድ ቤቱን፣ ሆስፒታሉን፣ ትምህርት ቤቱን ሰበሰበች።

የወንዝ ዳር ወርቅ ጠባዩ ክፉ ነው፤ ቀላሉ ቀድሞ ያልቃል። ጠጠሩ ታጥቦ ካለቀ በኋላ የሚቀረው በዓለቱ ውስጥ ያለው ነው፤ እሱን ለማውጣት ደግሞ ፈንጂ፣ ወፍጮ፣ ኬሚካልና ብዙ ካፒታል ያስፈልጋል። በደርግ ዘመን ከሶቪየት ኅብረት ባለሙያዎች ጋር የተካሄደው ፍለጋ ሻኪሶ አጠገብ ባለችው ለገደምቢ ላይ የዓለት ወርቁን አገኘ፤ ክፍት ጉድጓዱም በ1990 (እ.ኤ.አ.) ማምረት ጀመረ። በ1997 (እ.ኤ.አ.) መንግሥት ለገደምቢን በ172 ሚሊዮን ዶላር ለሚድሮክ ሸጠው። የወርቁ ማዕከል በዚህ ጊዜ ከክብረ መንግሥት ወደ ሻኪሶ በኩል ዞረ። ከተማዋ ስሟን ይዛ ቀረች፤ ወርቁ ግን በሌላ መንገድ፣ በሌላ መኪና ይሄዳል። በርግጥ ለገደምቢም ችግር አላጣውም። ነዋሪው ከማዕድኑ በሚወጣ ቆሻሻ የተነሣ ሰውና ከብት ይታመማል፣ አካለ ስንኩል ሕፃናት ይወለዳሉ ብሎ አደባባይ ወጣ፤ በግንቦት 2010 ፈቃዱ ታገደ፤ በ2013 ሥራው እንደገና ተጀመረ።

እዚህ ላይ ስለ ሌላ የማዕድን ከተማ ላንሣ፤ ምን ማለቴ እንደሆነ የሚያሳየው እሱ ነው። በአፋር ዳሎል፣ ከባሕር ጠለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ባለው ምድር ላይ፣ ጣልያኖች ፖታሽ ለማውጣት ሰፈር ሠርተው ነበር። ከቀይ ባሕር ዳር ከመርሳ ፋጥማ ተነሥቶ ዳሎል አጠገብ የሚደርስ የባቡር ሐዲድ ዘርግተው ማዕድኑን ወደ መርከብ ያጓጉዙ ነበር። ጀርመን፣ አሜሪካና ሶቪየት ገበያውን በፖታሽ ሲያጥለቀልቁት ሥራው ቆመ፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እንግሊዞች ሐዲዱን ነቀሉት። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ፓርሰንስ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ቦታውን ቆፍሮ አጥንቶ ሄደ። በእነዚያ ዓመታት የተለካው የዳሎል የዓመት አማካይ ሙቀት 34.6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን፣ ሰው ኖሮባቸው ከሚታወቁት ሥፍራዎች ሁሉ የበለጠ ነው። ዛሬ እዚያ የሚገኘው ከጨው ድንጋይ የተሠራ የቤት ግድግዳ ቅሪትና የዛገ ብረት ነው። የሚመጣው ጎብኚ ውኃውን፣ ዳቦውን፣ ናፍጣውን ሁሉ ከሩቅ ይዞ ነው የሚደርሰው። ዳሎል መተላለፊያ ሆና አታውቅም፤ ከእሷ ወዲያ የሚሄድ መንገደኛ የለም። ማዕድኑ ሲቆም ሌላ የሚያቆማት ምክንያት አልነበራትም።

ክብረ መንግሥት ግን ከእሷ ወዲያ የሚሄድ ብዙ ነው። በአሜሪካ ኔቫዳ በረሃ ውስጥ ያለችው ቶኖፓም ታሪኳ ይህንን ይመስላል፤ በ1900 (እ.ኤ.አ.) ብር ተገኝቶባት ሕዝብ ጎረፈ፣ ብሩ ሲሳሳ ሕዝቡ ተበተነ፤ ከተማዋ ግን በላስ ቬጋስና በሬኖ መካከል፣ ነዳጅ ለመቅዳትና ለማደር በሚመች ርቀት ላይ ስለነበረች ተረፈች። የማዕድን ከተማን ዕድሜ የሚወስነው ከሥሯ ያለው ሳይሆን በፊቷ የሚያልፈው ነው ለማለት እነዚህ ሦስቱ ይበቁኛል።

ከሹፌራችን ጋር ወደ ጎሚስታው ሄድን። ሱቁ ከግማሽ በርሜል፣ ከኮምፕረሰርና ከተቆለለ አሮጌ ጎማ በቀር ሌላ ነገር የለውም። የሥራው ባለቤት ፀጉሩ የሸበተ፣ ክንዱ እንደ ወጣት የጠነከረ ሰው ነው። የሚሠራውን ማየት ደስ ይላል። ክሪኩን ከመኪናው ሥር አስገብቶ ብሎኖቹን ያላላል፤ ጎማውን አውርዶ በሁለት የብረት ዘንግ ጠርዙን ፈልቅቆ ከመነዳሪውን ይስባል። ነፋስ ሞልቶ በርሜሉ ውኃ ውስጥ ነክሮ ቀስ እያለ ያዞረዋል። የአረፋ ሰንሰለት ወደ ላይ ሲወጣ በጣቱ ይዘጋዋል፤ በኖራ ያመለክታል። ቦታውን ይፍቅና ማስቲሽ ቀብቶ ይተወዋል። ችኩል ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው። ማስቲሹ ገና እርጥብ ሳለ ቁራጩን ከለጠፈ ዋደራ ሳይደርስ ይነሣል። ስለዚህ ይጠብቃል፤ በዚያ መሃል ያወራል።

“ከየት ናችሁ?”

“ከሆሳዕና ነን፣ ጋሼ። ከሌሞ።”

“እንሰት አገር። አባቴም ወደዚህ የመጣው ከእንሰት አገር ነው፤ ለወርቅ ሥራ። እኔ እዚሁ ተወለድኩ።”

ወርቁን ሞክሮ እንደሆነ ሹፌራችን ጠየቀው። ልጅ ሆኖ ወንዝ ዳር መዋሉን፣ በኋላ ግን አንድ ጣልያንኛ የሚቀላቅል መካኒክ ዘንድ ገብቶ ጎማ መፍታት መልመዱን ነገረን። “የወርቅ ሰው ሲያገኝ ሲበትን፣ ሲያጣ ሲበደር ነው የሚኖረው” አለ ማስቲሹን በጣቱ እየነካ። “ጎማ ግን በዓመት ውስጥ የማይፈነዳበት ወር የለም። በበጋ ድንጋዩ ይበሳዋል፣ በክረምት ጭቃው ያወጣዋል።” ከዚያ ቁራጩን ለጠፈው፤ በመዶሻ እየደበደበ አጠበቀው፤ በርሜሉ ውስጥ ደግሞ ነከረው። አረፋ የለም። ሁለተኛውን ጎማ ሳንጠይቀው አንኳኳና “ይህኛው ነገሌ አያደርስህም” አለ። ሹፌራችን የጎሚስታ ማስፈራሪያ ነው ብሎ ሊከራከር ጀመረ፤ ጎሚስታው ግን ክርክሩን ትቶ ጎኑን በመብራት አሳየው። ከውስጥ ሽቦው ብቅ ብሏል። ስኮርታውን አውርደን ቀየርን።

በሥራ ላይ ያየሁት ሌላው ቤት የወርቅ ገዢ ነው። ዳር ላይ ያለች ጠባብ ክፍል፣ ጠረጴዛ፣ ዲጂታል ሚዛን። አንድ ወጣት በብልቃጥ ውስጥ ጥቁር አሸዋ ይዞ ገባ። ገዢው አሸዋውን በሳህን ላይ ዘርግቶ በላስቲክ የተጠቀለለ ማግኔት አሳለፈበት፤ ጥቁሩ አሸዋ በማግኔቱ ላይ ፀጉር መስሎ ቆመ፤ ሳህኑ ላይ የቀረው ቢጫ ብናኝ በጣት ጥፍር የሚነሣ ነው። ሚዛኑ ላይ ሲወጣ ቁጥሩ ገና ሳይረጋ ሁለቱም አጎንብሰው ያያሉ። ሂሳቡ ተጠናቆ ወጣቱ ሲወጣ ተከትለን አየነው፤ ቀጥ ብሎ ወደ ሱቅ ነው የሄደው። አካፋ፣ ፓስታ፣ ዘይት፣ የውኃ ፓምፕ ቀበቶ። ከወርቁ ገንዘብ ከተማው ውስጥ የሚቀረው ያው ሱቆቹ ጋ የሚቀረው ነው።

ከክብረ መንግሥት ወዲያ ስንቅ ማለት ምን እንደሆነ ታሪክ አንድ ትልቅ ምስክር ትቷል። ነገሌ ቦረና የነበረው የአራተኛው ክፍለ ጦር ብርጌድ ወታደሮች በጥር 1966 ያመፁት በፖለቲካ ጥያቄ አልነበረም። የእነሱ የውኃ ፓምፕ ተበላሽቶ መኮንኖቹ ከራሳቸው ጉድጓድ እንዳይቀዱ ከለከሏቸው፤ የሚቀርብላቸውም ምግብ የሚበላ አልነበረም። መኮንኖቻቸውን ያዙ፤ ንጉሠ ነገሥቱ ነገሩን አጣርተው እንዲመጡ የላኳቸውን የምድር ጦር አዛዥ ጄኔራል ደረሰ ዱባለንም አሰሯቸው፤ እነሱ የሚበሉትን እንዲበሉ፣ የሚጠጡትን እንዲጠጡ አስገደዷቸው። ወሬው ከአንዱ የጦር ሠፈር ወደ ሌላው ተዛመተ፤ በሚቀጥሉት ሳምንታት ሌሎች ክፍሎች ተከተሉ፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። የአብዮቱን ምክንያት ሁሉ በአንድ ፓምፕ ላይ መጫን ግድፈት ነው። ሆኖም የመጀመሪያው ክር የተመዘዘው ስንቅ በቅጡ በማይደርስበት በዚህ መንገድ ጫፍ ላይ መሆኑ ሁልጊዜ ይገርመኛል። የአዶላን የወርቅ ጭነት ለማጓጓዝ መንገድ የዘረጋ መንግሥት ከዚያ ትንሽ ወዲያ ላለ ወታደሩ ውኃ ማድረስ አልቻለም።

ዛሬ መንገዱ ላይ የሚሄደው ልዩ ልዩ ነው። የዶሎ አዶ መኪኖች አሉ፤ የስደተኛ ካምፖች እህልና ዕቃ የጫኑ። 254 ሜጋ ዋት ያመነጫል ተብሎ በ2012 ለተመረቀው ለገናሌ ዳዋ ሦስት ግድብ ሥራ ብረትና ሲሚንቶ የተመላለሱት መኪኖች እዚህ አድረዋል፤ ብዙ ምግብ ቤት የተከፈተው በእነሱ ዘመን ነው ይላሉ። የቡና ነጋዴዎች አሉ፤ ቀድሞ በሲዳሞ ስም ይሸጥ የነበረው የጉጂ ቡና በራሱ ስም ገበያ ካገኘ ወዲህ የመኪናው ብዛት ጨምሯል። አልፎ አልፎ ደግሞ ወፍ ተመልካቾች ይመጣሉ፤ በላንድክሩዘር፣ ከአንገታቸው ላይ ባይነኩላር አንጠልጥለው።

የወፍ ተመልካቾቹ ታሪክ ለከተማዋ ብዙ ገንዘብ ባያመጣም ለጨዋታ ይጥማል። ዩጂኒዮ ሩስፖሊ የተባለ የጣልያን ልዑል በ1893 (እ.ኤ.አ.) በደቡብ ኢትዮጵያ ሲጓዝ ዝሆን ገደለው። ከቀረው ጓዙ ውስጥ የአንድ ያማረ ወፍ ቆዳ ተገኘ፤ ግን የት እንደያዘው አልጻፈም ነበር። ሳይንቲስቶች ስም ከሰጡት በኋላ ወፉን በሕይወት ለማግኘት ብዙ ዓመታት ፈጅቶባቸዋል። የሩስፖሊ ቱራኮ ዛሬ ከሚታይባቸው ጥቂት ቦታዎች አንዱ በነገሌና በገናሌ በኩል ያለው ደን ነው። ከነገሌ አጠገብ ያለው የሊበን ሜዳ ደግሞ ከምድር እንዳይጠፉ ከሚያሳስቡ ወፎች መካከል አንዷ የሆነችው የሊበን ላርክ የምትባል ትንሽ የሣር ወፍ መኖሪያ ነው። እሷን ለማየት ከአውሮፓ የሚመጣ ሰው ክብረ መንግሥት ላይ ሙዝና ውኃ ይገዛል፤ ማዳበሪያ የጫነ አይሱዙ ረዳት አጠገብ ቆሞ።

እኛ የያዝነው ዙር ከነገሌ በገናሌ ድልድይ ተሻግሮ ዶሎ መና፣ ከዚያ በሐረና ደን ሽቅብ ወደ ሳነቲ አምባ የሚወጣው ነው። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በመስከረም 2016 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ ይህን መንገድ የሚጠይቅ ሰው በርክቷል። ሳነቲ ላይ መኪናው ከ4000 ሜትር በላይ ይሄዳል፤ 4377 ሜትር የሚደርሰው ቱሉ ዲምቱ እዚያው ነው። ገናሌ ሸለቆ ውስጥ በሸሚዝ የሚውል ሰው ማግስቱን ሳነቲ ላይ ጓንት ይፈልጋል። ስለዚህ በዚህ ዙር ሻንጣ ማዘጋጀት የሁለት አገር ልብስ መያዝ ነው። ከሁሉም በላይ ናፍጣ ነው የሚያሳስበው። ነገሌም ዶሎ መናም ማደያ አለ፤ ማደያ መኖሩ ግን ነዳጅ አለ ማለት አይደለም።

ነዳጅ ከ2015 ወዲህ የሚከፈለው እንደ ቴሌብር ባለ የስልክ ክፍያ ነው፤ ኔትወርክ ከጠፋ ሰልፉ ይቆማል። የገጠር ማደያ ሲደርቅ ቤንዚኑ በጀሪካንና በሃይላንድ ጠርሙስ መንገድ ዳር ይወጣል፤ ዋጋው ከመንግሥት ተመን የራቀ ነው፣ ውስጡ ምን እንደተቀላቀለበት ደግሞ ሞተሩ ብቻ ነው የሚያውቀው። ልምድ ያለው ሹፌር ስለዚህ ሳልቫትዮውን እዚሁ ይሞላል፣ ተጨማሪ ጀሪካን ከላይ ያስራል። እኛ በበቂ ኔትወርክ ከፍለን ከሞላን በኋላ ተራ አስከባሪው ሌላ ጥያቄ ጠየቀን፤ “ዛሬ መንገዱን ጠይቃችኋል?”

ጥያቄው ተራ አልነበረም። ከ2011 ወዲህ በጉጂ ገጠሮች በታጠቁ ኃይሎችና በመንግሥት ጦር መካከል የሚደረገው ግጭት መንገዱን እየዘጋ እየከፈተ ኖሯል። በ2015 ደግሞ የኦሮሚያ ክልል ምሥራቅ ቦረና የተባለ ዞን አቋቁሞ ነገሌን ዋና ከተማው ሲያደርግ በጉጂ ከተሞች ብርቱ ተቃውሞ ተነሥቶ ነበር። የዚህ መንገድ ሹፌሮች ስለዚህ ዜናን ከራዲዮ አይጠብቁም። ከነገሌ ማልዶ የወጣ መኪና ሲደርስ ሹፌሩን ከበው ይጠይቁታል፤ ማን አስቆመህ፣ የት ጋ ፈተሹ፣ ስንት ሰዓት አለፍክ። ቡና የምታፈላው ሴት ዱካዎች ላይ ከቡናው ይልቅ የሚሸጠው ይሄ ነው። መንገዱ ከተዘጋ የከተማዋ ሱቆች በሁለት ቀን ይሞላሉ፤ የሚሄድ ጠፍቶ። ከተማዋ በመንገድ ስትኖር የመንገድን በሽታ ሁሉ አብራ ትታመማለች፤ ይሄንን ሳይጠቅስ ስለ ስንቅ የሚጽፍ ሰው ጎደሎ ጽፏል።

ወርቁ ደግሞ ዳግም እየተጠራ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀና ብሔራዊ ባንክ ለወርቅ የሚከፍለው ከፍ ካለ ወዲህ፣ የዓለም ዋጋውም ስለተወደደ፣ በጎን ይወጣ የነበረው ወርቅ ወደ ባንክ ዞሯል። በ2017 በጀት ዓመት ከወርቅ የተገኘው የውጭ ምንዛሪ ከ3 ቢሊዮን ዶላር አልፎ ቡናን በለጠ። ከዚህ ውስጥ ትልቁን ድርሻ ያመጡት ባህላዊ አምራቾች ናቸው። ይህ ክብረ መንግሥት ላይ የሚታየው በሱቅ መደርደሪያ ነው፤ የውኃ ፓምፕ፣ ጄኔሬተር፣ የጎማ ቦቲ፣ የግንባር ባትሪ፣ ኢንዶሚ በካርቶን። በመንገዱ ላይ ወጣት የጫነ ሞተር ሳይክል ይበዛል። ወንዙ ዳር ያለው ምን እንደሆነ ግን ማየት አይከብድም፤ ደኑ ተመንጥሮ፣ ጉድጓዱ ሳይደፈን፣ ውኃው ቀይ ሆኖ ነው ወደ ታች የሚወርደው። የአዋታም የሞርሞራም ውኃ በስተመጨረሻ የጁባ ወንዝ ነው የሚሆነው፤ ዶሎ አዶ ላይ የሚጠጣው ሰው የአዶላን ጭቃ አብሮ ይጠጣል።

የመጨረሻውን ዕቃ የገዛነው ከአንዲት ጠና ያሉ ነጋዴ ሱቅ ነው። ጨው፣ ሻይ ቅጠል፣ ስኳር፣ ክብሪት፣ ሁለት የቱና ጣሳ፣ ሸራ። ከጀርባቸው የተሰቀለ ወፍራም ደብተር አየሁና “እትዬ፣ ዱቤ ይሰጣሉ?” አልኳቸው።

“ለሹፌር እሰጣለሁ” አሉ። ገጹን ገልጠው አሳዩኝ፤ ስም ሳይሆን ታርጋ ቁጥርና የዕቃ ዝርዝር ነው የተጻፈው። ዶሎ ሄዶ ሲመለስ ይከፍላል፤ ከከፈለ በላዩ ላይ መስመር ይሰመርበታል። አብዛኛው ገጽ የተሰመረ ነው።

“ለወርቅ ቆፋሪዎቹስ?”

“ለእነሱ በጥሬው ነው፣ ልጄ። ባሌ ወርቅ ቆፋሪ ነበር።” ከዚያ የሸራውን ልክ ደግመው ጠየቁን፤ አራት በስድስት እንደማይበቃን፣ ገናሌ ላይ ዝናብ ከመጣ ጣሪያውን ከነጀሪካኑ የሚሸፍን ስድስት በስምንት መውሰድ እንዳለብን ነገሩን። ሹፌራችን ዋጋ ሊከራከር ሲጀምር ሂሳቡን በቴሌብር እንዲልክ ቁጥራቸውን በካርቶን ላይ ጽፈው ሰጡት፤ በዚያን ሰዓት ኔትወርክ ጠፍቶ ስለነበር ዋደራ ስንደርስ ብንልክም ይበቃቸዋል። ታርጋችንን ደብተሩ ላይ ጻፉት።